የሰው ዳጉ

አዋሽ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ጉግሳ፤

እንዴት ከረሙ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? የሰመራ ሙቀትስ? እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ነፋስ ቢጤ ብቅ ማለት ጀምሯል። እናቴ ባይሽ እንኳ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ትቀመጣለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስለዘገየሁ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደጋግመው ጽፈውልኝ አንዱንም አልመለስኩም። ቢያድግልኝ ሚኒባሱን ባቡር ጣቢያው በር ላይ አቁሞ "ዛሬስ ወደ ሰመራ የሚሄድ ደብዳቤ የለም?" ባለኝ ቁጥር "ነገ፣ ነገ" እያልኩ እዚህ ደረስኩ። በታመሙ ጊዜ ድምፆቹ መጀመሪያ የመጡብዎት በስልክ ስለነበር ስልክ ላይ ረጅም ወሬ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልደወልኩት ልበል? እውነቱን ለመናገር ስልክ ቢወዱም አልደውልም ነበር።

ስለ ሥራው ጠይቀውኛል። ደህና ነው። ባጄን አንጠልጥዬ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ድሮ የሚያውቁኝ ሰዎች "ይቺ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ልጅ፣ ያቺ አእምሮዋን ታማ የነበረችው አይደለችም እንዴ?" ይባባላሉ። "አዎ ነኝ! መድኃኒቴን እየወሰድኩ ይኸው ተቀምጫለሁ፤ ግቡ፣ ምን ሆናችሁ ነው?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ይገባሉ። ሲያሰለጥኑን "እናንተን የቀጠርናችሁ ሕመሙን ስለምታውቁት ነው" ያሉን አሁን ነው የገባኝ።

ስለ ሰውዬውም ጠይቀውኛል። እንዳዘዙኝ ስሙን አልጽፍም፤ ደብዳቤያችን በሹፌር እጅ ነው የሚሄደው፣ የቢያድግልኝ ዓይን ደግሞ ትንሽ ረዘም ይላል። ያ ከደጋ ለጥጥ ለቀማ መጥቶ ድምፅ መስማት ሲጀምር አስረው ያመጡልን ሰውዬ ማለቴ ነው። መርፌውን ጀምሮ ተሽሎት፣ አዋሽ አርባ አጠገብ ማንም በማያውቀው እርሻ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። እሱ ሄዷል። እርሻውን ለቆ ወጥቷል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ጥፋቱ የፎርማኑ ነው። "ፓምፕ ቤት ኤሌክትሪክ አለ፣ አንተ እዚያ መግባት የለብህም" ብሎ አስወጣው። አብረውት የሚያድሩት ሠራተኞችም ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሌላ ክፍል ገቡ። እኔ ስደርስ ባዶ አልጋ ጠበቀኝ። ፎርማኑን በስድብ አጥቤዋለሁ፤ ካላመኑኝ የወሰደኝን ባጃጅ ሹፌር ይጠይቁ። እንዲህ ያለ ፎርማን ጉድ ነው! ኪኒኑ ፍራሹ ሥር ነበር፣ ትቶት ነው የሄደው። መርፌ የሚወጋበት ቀንም ደርሷል።

ለጤና ጣቢያችን ነርስ ለሲስተር መቅደላዊት ልንገራት ወይስ ትንሽ ልጠብቅ? ይመለስ ይሆናል እኮ።

አክባሪዎ አስረሳሽ


ሰመራ፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

አስረሳሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እማማ ባይሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወገቤ ያው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ላይ የተቀመጠ ወገብ አልጋ ላይ ሲያጋድሙት ይቆጣል።

አትጠብቂ። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ለሲስተር ንገሪያት። መርፌው ያለፈበት ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ነው። እኔ በዚያ መንገድ ሄጄበታለሁ። አንቺም ሄደሽበታል።

ነገርሻት? ደግ። አሁን ተቀመጪና እናውራ። ፎርማኑን ከላይ እስከ ታች ረግመሽዋል፤ እኔም አልወደድኩትም። ግን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ሰውዬው እዚያ ሲቀጠር ማንም እንደማያውቀው፣ ስለ ሕመሙም ትንፍሽ እንዳላለ ያን ሰሞን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። ታዲያ ፎርማኑ ከየት ሰማ? ይሄን የምጠይቅሽ ልወቅስሽ አይደለም። ወሬው በየት በኩል እንደሄደ ካወቅን ሰውዬው በየት በኩል እንደሄደም ልናውቅ እንችል ይሆናል።

ሌላው፣ እንቅልፍሽን ጠይቄሽ ነበር። ስለ ነፋሱና ስለ እናትሽ ነጠላ ጻፍሽልኝ። ነፋሱን አልጠየቅኩሽም።

ወንድምሽ ጉግሳ


አዋሽ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ጉግሳ፤

ለሲስተር ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ሰውዬው ራሱ በሰጣት ቁጥር ወንድሙ ጋ ደወለች፤ ደጋ አልደረሰም አላት።

ፎርማኑ ከየት ሰማ አሉኝ። ከኔ ነው።

ውይ ጋሽ ጉግሳ፣ ይቺን ለመጻፍ ስንት ወረቀት አበላሸሁ መሰለዎት! እንደሆነው ልንገርዎት። የጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰውዬውን ልጠይቅ ስሄድ አዋሽ አርባ መንገድ ላይ የባጃጁ ጎማ ተነፈሰ። ወርደን ግራር ሥር ቆምን። አባባ ሁመድ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። በገበያ ቀን ባቡር ጣቢያው አጥር ጥግ የሚቀመጡት አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። እጄን ያዙና ዳጉ ጠየቁኝ።

የአፋርን ዳጉ እርስዎም ያውቁታል። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ቆሞ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይሰጣል፤ የሌላውን ይቀበላል። መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። እኛ ደገኞች "ደህና፣ ደህና" ብለን ስናልፍ ባለጌ ነው የምንመስላቸው። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ ዳጉ አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ነኝ። እንደ ቤት ልጅ ቆጥረው ሲጠይቁኝ ደስ አለኝ።

ከየት? ከጤና ጣቢያ። ወዴት? ወደ እርሻው። ማን ጋ? እከሌ ጋ። ምን ሆኖ? እዚህ ላይ ነበር አፌን መዝጋት፤ አልዘጋሁም። "አእምሮውን ታሞ ታስሮ የመጣ ነበር፤ አሁን መርፌውን እየወሰደ ሰው ሆኗል፣ ፓምፑን ሁሉ የሚያሠራው እሱ ነው" አልኳቸው። እያሞገስኩት እኮ ነው! የወለድኩት ልጅ ፈተና ያለፈ ይመስል ደረቴን ነፍቼ። አባባ ሁመድም "አልሃምዱሊላህ" ብለው ተቀበሉኝና ግመላቸውን ነድተው ሄዱ።

ወሬው በዳጉ ከእረኛ ወደ እረኛ እንዳለ ነው የሄደው። እርሻው ደርሶ ለቃሚዎቹ ሰፈር ሲገባ ግን "ተሽሎታል" የሚለው ወደቀና "ታስሮ የነበረ" የሚለው ብቻ ቀረ። እዚያ ሰፈር ደግሞ የሚፈራው ይሄ ነው። ሰውዬው ምስጢሩን የሰጠኝ "አንቺም ታመሽ ነበር፣ ታውቂዋለሽ" ብሎ ነው። የሰፈር ሰው ሁሉ ስምሽን ሲያነሳ ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ! እኔ ራሴ!

እንቅልፍ አልተኛም። ድምፅ የለም፣ እሱን አይስጉ። ዓይኔን ስከድን ያ ባዶ አልጋ ነው የሚመጣብኝ። ባጁን ለሲስተር ልመልስላት ነው፤ እንደኔ ላለች ለፍላፊ ይሄ ሥራ አይሆንም። እርስዎ ግን ለኔ የለፉትን ሁሉ እግዜር ይክፈልዎት።

አስረሳሽ


ሰመራ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

አስረሳሽ እህቴ፤

እግዜር ይስጥልኝ። ፎርማኑን እንደረገምሽ ብትቀሪ ኖሮ ሰውዬውን የምንፈልግበት ጫፍ አይኖረንም ነበር። አሁን አለን። ይሄን ሳትፈሪኝ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ፈርተሽም ከሆነ ፈርተሽ ስለጻፍሽው።

ባጁን አትመልሺ። ይህን ሥራ ትተሽ ብትሄጂ የተማርሽው አብሮሽ ይሄዳል፤ ቀጥሎ በረንዳው ላይ የሚቀመጠው ሰው ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ይሳሳተዋል። ደግሞ የኔ ድርሻ አለበት። ስልጠናው ላይ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጽሑፍ አነበብኩላችሁ፤ "የሰውን ምስጢር ጠብቁ" ይላል። ጠብቁ አልኩ፣ እሺ አላችሁ፣ ተነስተን ሻይ ጠጣን። አፋር ምድር ላይ ቁጭ ብለን ዳጉ የተጠየቀ ሰው ምን ይበል ብሎ አንድ ሰው አላነሳም። እኔም አላሰብኩትም። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።

አሁን ከሁሉ በፊት ሲስተር ጋ ሂጂ። ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ ራስሽ። እንቅልፍ ከራቀሽ መድኃኒትሽ ይታይልሽ፣ ትንሽም እረፊ። ይሄ ቅጣት አይደለም። እኔ ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ የጉምሩክ ሰልፍ ላይ ስታመም አስቀድሞ የከዳኝ እንቅልፍ ነው፤ "ነገ እተኛለሁ" እያልኩ ቆይቼ ነው ጭነቴን ሰልፍ ላይ ትቼ በእግሬ በረሃ የገባሁት። ቁልፉን እንኳ አልነቀልኩም።

ከዚያ ስትበረቺ አባባ ሁመድ ጋ ሂጂ። የሆነውን ንገሪያቸው፤ እንዲያፈላልጉልንም ለምኚያቸው። ስትጠይቂ ግን ሰውዬውን ፈልጊ እንጂ ሕመሙን አታንሺ። ፓምፕ ጠጋኝ ነው፣ ረጅም ደገኛ ነው። ይበቃል። የሰማ ሰው አንቺ ጋ ወይም ሰመራ እኔ ጋ ይምጣ።

አይዞሽ። እስኪገኝ ድረስ እኔም እንቅልፌ ሙሉ አይደለም። ኪኒኔን ግን እውጣለሁ።

ጉግሳ


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ጉግሳ፤

እንዴት ነዎት? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ ስልዎት የእውነቴን ነው። ሲስተር መድኃኒቴን አስተካከለችልኝ፤ ለጊዜው በረንዳው ላይ እንዳላይሽ አለችኝ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። "አገር ማዳኑን ትተሽ ነይ ሽንኩርት ላጪ" አለችኝ። ላጥኩላት። ለጥ ብዬ ስተኛም ደስ ብሏት ጎረቤቱን ሁሉ "ዝም በሉ፣ ልጄ ተኝታለች" እያለች ቀሰቀሰችኝ።

አባባ ሁመድ ተቆጡ ወይ ይሉኝ ይሆናል። ተቆጥተዋል፤ እኔ በፈራሁት በኩል ግን አይደለም። በገበያ ቀን አጥሩ ጥግ አገኘኋቸው። ገና ዳጉ ሳይጠይቁኝ በፊት የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ከዚያ "ያ የሰጠሽኝ ነገር የማን ነበር?" አሉኝ።

"የሱ።"

"ለኔ እንድትሰጪኝ ፈቅዶልሽ ነበር?"

"አልፈቀደልኝም።"

"ታዲያ ምነው አማና ነው አላልሽኝም? አማና ነው ብትይኝ እኔ ሁመድ ሁለተኛ እጠይቅሽ ነበር?"

ጋሽ ጉግሳ፣ እንባዬ ነው የመጣው። እኔ ያለው ወይ መዋሸት ወይ መዘርገፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሦስተኛ መንገድ ድሮም ነበር። የሰው አደራ ከሆነ "አማና ነው" ይባላል፤ ጠያቂው እዚያው ላይ ይተዋል፤ የሚቀየም የለም። እሳቸው ይህን በልጅነታቸው ነው የተማሩት። እኔ ግማሹን ተምሬ ሙሉውን አውቃለሁ ብዬ ስኩራራ ኖርኩ።

ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ "አንቺ ሰጠሽኝ፣ እኔም ለሰው ሰጠሁ፤ እኔም አለሁበት" አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ከዚያ ምን ብዬ ላፈላልግልሽ አሉኝ። "ፓምፕ ጠጋኙን እህቱ ትፈልገዋለች ይበሉልኝ" አልኳቸው።

"እህቱ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው አልልም። አስረሳሽ ትፈልገዋለች፣ ባታገኘውም ደህንነቱን መስማት ትፈልጋለች፤ እንዲህ ነው የምለው።" የእርስዎንም ስም አስይዤያቸዋለሁ። አሁንም ልለፍፍ ነበር ጋሽ ጉግሳ፣ ያውም እዚያው ይቅርታ በጠየቅኩበት ቦታ! ምን ይሻለኛል?

ብቻ እግዚአብሔር ሁለታችሁንም ይባርክልኝ። አንዳችሁም አላባረራችሁኝም።

አክባሪዎ አስረሳሽ


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አስረሳሽ፤

ተገኝቷል። ሰላምታው ይቆየኝ።

አንድ የማላውቀው ጎልማሳ በሬ ድረስ መጥቶ "ጉግሳ አንተ ነህ? የአዋሿ አስረሳሽ የምትፈልገው የፓምፕ ሰው አዳይቱ ነው ያለው" አለኝ። ስለ ሕመም አንድ ቃል አልወጣውም፤ አልደረሰውማ። አባባ ሁመድ የሰጡት ዳጉ ከአዋሽ እስከ ሰመራ አንዲት ነገር ሳይጎድልበት ሳይጨመርበት መጣ። እኔ ያንን መንገድ ዕድሜዬን ስነዳበት እንደዚያ በደህና የደረሰ ጭነት አላየሁም። ወዲያው ከቢያድግልኝ ጋር ወረድኩ።

አሁን ምን ሆኖ አገኘኸው፣ ምን አለህ ብለሽ እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ። አልነግርሽም፤ አማና ነው። ያስተማርሽኝ ቃል ነው፣ ቅር እንዳይልሽ። እሱ ጻፍ ያለኝን ብቻ ነው የምጽፍልሽ። አጠገቤ ተቀምጧል፤ እያነበብኩለት "ይሄን ጻፍ፣ ይሄን ሰርዝ" ይለኛል። ከዚህ ቀደም የጻፍነውንም ልንገርህ ወይ ብዬው "ንገረኝ" ብሎኝ ነግሬዋለሁ።

በሕይወት አለ። ሰመራ መጥቷል። መርፌውን ተወግቷል። ምግብ ይበላል። ጎረቤቴ ያለች ክፍል አግኝተንለታል።

አንቺን ማየት አይፈልግም። ይሄንንም ጻፍ ብሎኛል።

አንድ ጥያቄም ልኮልሻል፤ "ለምን?" ነው የሚልሽ። ሌላ የለውም። እኔ ስላንቺ ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ።

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰሽ። እማማ ባይሽንም እንዲሁ።

ጉግሳ


አዋሽ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ጉግሳ፤

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ "ተገኝቷል" የሚለውን ሳነብ ጣቢያው በር ላይ እልል ብዬ ቢያድግልኝን አሳቀቅኩት። "ምን ተገኘ?" ሲለኝ "አማና ነው" አልኩት። ተናዶ ሄደ።

ማየት አይፈልግም የሚለውን ግን ደግሜ አነበብኩት። ለጥያቄው መልሱን ለብቻው አሽጌ ልኬያለሁ፤ እባክዎ ሳይከፍቱ ይስጡልኝ። እርስዎን ስለማምንዎት ምን እንዳልኩ ልንገርዎት፤ የራሴ ነውና መብቴ ነው።

መጀመሪያ "ስለኮራሁብህ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር። ገጹ በሙሉ ስለ እንባዬና ስለ እንቅልፌ ነበር። ሳነበው አፈርኩ። እሱ ሥራውን አጥቶ እኔን እንዲያባብለኝ ነው እንዴ? ቀደድኩት። ሁለተኛው አጭር ነው። "በራሴ ስለኮራሁ ነው። አንተ ሲሻልህ እኔ ያዳንኩህ መሰለኝ፤ ያንን ለሰው ማሳየት ፈለግሁ። ሽማግሌው ስላንተ ጠየቁኝ፣ እኔ በአንተ ነገር ራሴን አሳየሁ። ክፉ አላሰብኩም፤ ክፉ ባለማሰቤ ግን ሥራህም ክፍልህም አልተረፉልህም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ። እንድትመልስልኝ ብዬ አልጻፍኩም" ነው ያልኩት።

እርሻው ላይ የቀረውን የመፍቻ ቦርሳውን ከቢያድግልኝ ይቀበሉ። ፎርማኑ ጋ ሄጄ ነው ያመጣሁት። "የት ገባ ያ ሰው፣ ደህና ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እንዲያውም ያዘነ መሰለኝ። "የኔ ወሬ አይደለም፣ ዕቃውን ስጠኝ" አልኩት። ያን ቀን ስለሰደብኩትም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ያስፈራውን ወሬ በሩ ድረስ የላክሁለት እኔ ነኝ።

አስረሳሽ


ሰመራ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

አስረሳሽ እህቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። በሄደ በመጣ ቁጥር በቢያድግልኝ አፍ "መለሰ ወይ?" እያልሽ ትጠይቂያለሽ። አትቸኩዪ። ደብዳቤሽን ሳልከፍተው ሰጠሁት። እሱ መጀመሪያ የመፍቻ ቦርሳውን ነው የከፈተው፤ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረጋቸው። ከዚያ ደብዳቤሽን አንብቦ ደረት ኪሱ ከተተው። "ይሄንን ልጻፍላት?" ስለው ራሱን በእሺታ ነቀነቀልኝ። ከዚህ በላይ አልተፈቀደልኝም።

የራሴን ልንገርሽ። አዲስ ሰልጣኞች መጥተውልኛል። ጽሑፉን አስቀመጥኩና አሚራ የምትባለውን የአፋር ልጅ "አንቺ መንገደኛ ነሽ፣ ሁሉንም በየተራ ዳጉ ጠይቂያቸው" አልኳት። ጉድ አፈላችባቸው! ይቺ ልጅ የማታወጣው ነገር የለም። አንዱ ዋሸ፣ አንዱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፣ ሌላዋ የአክስቷን ሕመም ሳይቀር ዘረገፈች። ስቀን ስናበቃ አባባ ሁመድ ያሉሽን ነገርኳቸው። አሁን ሁሉም "አማና ነው" ማለት ይችላሉ፤ አሚራም እዚያ ላይ ታቆማለች። "ይሄንን እኮ እናቴም ትነግራችሁ ነበር" ብላ ሳቀችብን።

ስምሽን አልጠራሁም። በቢያድግልኝ አፍ "ጥራው" ብለሽ ልከሻል አሉ፤ በቢያድግልኝ አፍ የመጣ ፈቃድ አልቆጥርም። ያም ሆኖ እነዚህ ልጆች ይሄን የተማሩት ካንቺ ነው። እኔም እንዲሁ። ስህተቱን ተሸክመሽ ዞር ስላላልሽ አመሰግንሻለሁ።

እንቅልፍሽስ?

ጉግሳ


አዋሽ፣ መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጋሽ ጉግሳ፤

እንቅልፌ ደህና ነው። ይኸው አስቀድሜ መለስኩልዎት፤ ሁለተኛ በነፋስ አላመካኝም። አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ትናንት መጣ።

አጥሩ ጥግ ከአባባ ሁመድ ጋር ቆሜ ነበር። ዘንድሮ ረመዳኑና ሁዳዴው በአንድ ቀን ስለገቡ የሁለታችንም ከንፈር ደርቋል። ዳጉ ተጠያየቅን። "ያ ሰውስ?" አሉኝ። "አማና ነው" አልኳቸው። "ጎሽ" አሉኝ፤ ሆን ብለው ሳይፈትኑኝ አይቀሩም። ይህን ተባብለን ሳንጨርስ የቢያድግልኝ ሚኒባስ ቆመና ከጋቢናው የመፍቻ ቦርሳ የያዘ ረጅም ሰው ወረደ። ወደ እሱ ልሂድ ወይስ ልሽሽ? እሱ ነው ወደኛ የመጣው።

እኔን አላየኝም፤ ማለቴ አይቶ አለፈኝ። ለአባባ ሁመድ እጁን ዘረጋ። እሳቸውም እንደ ደንቡ ይዘው ዳጉ ጠየቁት። ከየት? ከአዳይቱ። ወዴት? አዳማ፣ የፓምፕ ዕቃ ሊገዛ። ምን አየህ? ጋሽ ጉግሳ፣ ሁሉንም ራሱ ተናገረ። "አእምሮዬን ታምሜ ታስሬ ነበር። መርፌ ጀምሬ ተሽሎኝ ነበር። እንደገና ከሥራ ወጣሁ፣ እንደገና ታመምኩ። ሰመራ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን መርፌዬን እየወሰድኩ አዳይቱ ተመልሼ የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ አሠራለሁ" አለ።

እኔ ያን ቀን ያልኩት ያንኑ ነበር። ታስሮ፣ መርፌ፣ ፓምፕ። ቃሉ አልተለወጠም። በኔ አፍ ሲወጣ ሰውን ከቤቱ አስወጣ፤ በእሱ አፍ ሲወጣ ግን ቀና ብሎ የቆመ ሰው አየሁ። አባባ ሁመድ "አልሃምዱሊላህ" አሉት፣ ልክ ለኔ እንዳሉኝ። ደግሞ "እኔ ስላንተ ሳትፈቅድልኝ ለሰው ሰጥቼ ነበር፤ ዓፉ በለኝ" አሉት። በዚያ ሽማግሌነታቸው! እጃቸውን ሳመ።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንቺስ፣ ዳጉ የለሽም?" አለኝ።

"ተሳስቼ ነበር። ታምሜም ነበር። አሁን እተኛለሁ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ። ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር" አልኩት።

"ደርሶኛል" አለ። ወደ ቦርሳው እያየ "መፍቻዎቼን ስላመጣሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ወደኔ እንደማይመለስ፣ ከእርስዎ ጋር እንደሚቀጥል ነግሮኛል። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ትንሽ ብሎኛል። ግን እርስዎ ጋ በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ለኔ የተቀመጡልኝን ያህል ለሱም እንደሚቀመጡለት አውቃለሁ። ለዚህ ሁሉ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት ቃል ጠፋብኝ። ለፍላፊዋ አስረሳሽ ቃል ሲጠፋት አስበውታል?

ስልጠናው ላይ የኔን ስም ይጥሩት። ይኸው በእጄ ጽፌ ፈቅጃለሁ።

ቢያድግልኝ ጡሩምባውን ሲነፋ ሰውዬው ቦርሳውን አነሳ። ጥቂት ሄዶ ተመለሰ። "ለጋሽ ጉግሳ ትጽፊለታለሽ?" አለኝ። ከፈቀድክልኝ አልኩት። "ዛሬ ያወራነውን ሁሉ ጻፊው። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ሰውዬው፣ ሰውዬው ስትሉኝ ነው የከረማችሁት። ስሜን ጻፊው። ቢያድግልኝም ከፍቶ ያንብበው" ብሎኝ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ገና ትናንት ነው።

እናቴ ሰላም ትልዎታለች። አባባ ሁመድ ሰላም ይሉዎታል። ሐብታሙ ሰላም ብሎዎታል።

አስረሳሽ